ወርቀ ዘቦ በእንጨት ላይ፦ የለገጣፎው የቅዳሜ ሥልጠና

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ካባና ልብሰ ተክህኖ እሰፋለሁ። ወርቀ ዘቦ የሚባለው በወርቅ ክር የተሸመነ ጨርቅ፣ ፀጉራሙ ከፋይ፣ ሐር ሁሉ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ይህን አስተያየት የምጽፈውም በጨርቅ ሰው ዓይን ነው።

የምነግራችሁ ለገጣፎ ውስጥ አንድ ሰዓሊ በግቢያቸው ስለሚሰጡት የአንድ ቀን ሥልጠና ነው። ትምህርቱ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ባለሙያዎች በእንጨት ቅርጽ ላይ ጨርቅን በጀሶ፣ በቀለምና በወርቅ እንዴት አስመስለው ይሠሩ እንደነበር ነው። "ይሄ ደግሞ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" የሚል ይኖራል። ሸማኔ ከሆናችሁ፣ ጥልፍ የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም ጨርቅ ስታዩ እጃችሁ የማያርፍ ከሆነ ሂዱ። ከመርካቶ ነጋዴ ለብዙ ዓመት ወርቀ ዘቦ ስገዛ ያላስተዋልኩትን ነገር እዚያ ግቢ ውስጥ ነው ያየሁት።

መንገዱ አያስቸግርም። ከመገናኛ የለገጣፎ ታክሲ ትይዛላችሁ፤ ኮተቤንና ካራን አልፋችሁ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ወደ ውስጥ በባጃጅ ነው። በሩ ላይ ሰሌዳ የለም። ሰማያዊ የላሜራ በር ሆኖ ከጎኑ የዋንዛ ግንድ የተከመረበትን ፈልጉ። የውስጥ መንገዱ ዝናብ ሲጥል ጭቃ ስለሚሆን ቦቲ አድርጉ። ጠዋት 2፡30 ይጀመራል ይላሉ፤ የእውነትም 2፡30 ይጀመራል። ክፍያው 2,500 ብር ነው። ቁሳቁስ፣ ምሳና ቡና በዚያው ውስጥ ነው።

ሰዓሊው ስልሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ጀርመን አገር የድሮ የእንጨት ቅርጾች እድሳት ተምረው እዚያው ሠርተዋል። አሁን በግቢያቸው ይቀርጻሉ፣ ይስላሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራሉ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ስትሳሳቱ እጃችሁን ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ያስተካክሏችኋል።

ጋሼ ትምህርቱን የጀመሩት በጥያቄ ነው። "ወርቀ ዘቦን ከተራ ቢጫ ጨርቅ የሚለየው ምንድን ነው?" አሉን። ብዙው ሰው "ያብለጨልጫላ!" አለ። እኔ "ክሩ ይታያል" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና "ምን ትሠሪያለሽ እህቴ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ጨርቅ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ይዞሩ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወርቁ ማግ በድሩ ላይ ሲያልፍ ቀጫጭን ረድፎች ይሠራል። ብርሃን በእያንዳንዱ ረድፍ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ በመካከላቸው ደግሞ ጥላ ይቀራል። ጨርቁን ስታዞሩት አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠቁራል። እንጨት ላይ ወርቅ ብቻ ብትለጥፉ ይህን አታገኙም። ብረት የመሰለ ልሙጥ ነገር ነው የሚሆነው። የእነዚያ ሰዎች ጭንቀት ይሄ ነበር፤ ቀለሙንና አበባውን ብቻ ሳይሆን ሽመናውን ራሱን እንጨት ላይ ማምጣት።

ለምን እንዲህ ደከሙ? በዚያን ጊዜ ከጣሊያን ከተሞች፣ ከሉካ፣ ከቬኒስ፣ ከፍሎረንስ የሚወጣ ባለወርቅ ሐርና ከፋይ የነገሥታት፣ የጳጳሳትና የትልልቅ ሀብታሞች ልብስ ነበር። የሮማን ፍሬ የመሰለው ትልቅ ጌጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሁሉም በላይ ይፈለግ ነበር። ቅድስት ማርያምን ወይም አንድን ሐዋርያ በእንጨት የቀረጸ ሰው ታዲያ ከዚህ ያነሰ ሊያለብሳቸው አልፈለገም። ብዙ ቦታ ጠራቢውና ቀቢው የተለያዩ ባለሙያዎች ነበሩ። ጠራቢው እጥፋቱን ያወጣል፤ ቀቢው ጨርቁን ያለብሳል።

ከዚያ ፎቶ አሳዩን። መጀመሪያ ፓሪስ ያለው የሴንት ሻፔል ቤተ ክርስቲያን ሐዋርያት ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1248 ነው። ሐውልቶቹ ድንጋይ ናቸው፤ ልብሳቸው ላይ ግን በቀለምና በወርቅ የተሣለ ጌጥ አለ። ጥሩ ነው፤ ግን ጠፍጣፋ ነው። ቀጥለው ፖላንድ ውስጥ ክራኮቭ ያለውን፣ የጀርመናዊውን ጠራቢ የፋይት ሽቶስን የእንጨት መሠዊያ አሳዩን። ከ1477 እስከ 1489 የተሠራ ነው። ቁመቱ ወደ 13 ሜትር ይደርሳል፤ ትልልቆቹ ምስሎች ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ካባቸው የወርቅ ነው፤ ሲታጠፍ የሚታየው ገበሩ ሰማያዊ ነው። እኔ ካባ ስሰፋ ለገበሩ ቀለም ስንት ሰዓት እንደምጨነቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ ሰማያዊው ደብዘዝ ያለ፣ የማያበራ ነው። ወርቁ ደግሞ ተወልውሎ ያበራል። አንዱ ሌላውን ያወጣዋል። ፎቶው ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው "እንይ እንጂ!" እስኪለኝ ድረስ።

አብሮን አንድ ዲያቆን ነበር። "ጋሼ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን እኮ እንዲህ ያለ ሐውልት የለም፤ ይሄ ለእኛ ምኑ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከልብ ነበር፤ ጋሼም ከልብ መለሱለት። የላሊበላዋን ቤተ ጎልጎታ አነሱ፤ ግድግዳዋ ላይ በድንጋይ የተፈለፈሉ የቅዱሳን ምስሎች አሉ። ቀጥለው ወደ ሥዕሎቻችን ሄዱ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ የሚሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ላይ ደግሞ ቅዱሳኑ ባለአበባ፣ ባለጌጥ ልብስ ለብሰው ታያላችሁ። የእኛም ሰዓሊ ከውጭ የመጣ ውድ ጨርቅ አይቶ ለእመቤታችን አልብሷታል ማለት ነው። ዲያቆኑ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሄዳችሁ የእመቤታችንን ልብሶች ብቻ እየለያችሁ ብታዩ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ሥራው። ለእያንዳንዱ ሰው የካባ እጥፋት የተቀረጸበት፣ መዳፍ የሚያህል የዋንዛ ቁራጭ ይሰጣል። አውሮፓ ውስጥ ጀርመኖቹ ይወዱት የነበረው ሊንደን የሚባለውን ለስላሳ እንጨት ነው። ትልልቆቹን ምስሎች እንዳይሰነጠቁ ከጀርባቸው ይቦረቡሯቸው ነበር። እንጨቱ መጀመሪያ ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ይጠጣል። መገጣጠሚያው ላይ የበፍታ ቁራጭ ይለጠፋል። በላዩ በሙጫ የተለወሰ ነጭ ዱቄት ይቀባል፤ በሰሜን አውሮፓ ጠመኔ፣ በጣሊያንና በስፔን ጀሶ። ተደራርቦ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ይፋቃል። ይህ ቀናት ስለሚፈጅ ጋሼ አስቀድመው ጨርሰው ነው የሚያቀርቡት። የእሳቸው ጀሶ ከግንባታ ዕቃ መደብር የተገዛ ነው፤ በውኃ አርሰው ለረጅም ጊዜ እያማሰሉ ያለሰልሱታል። በጣት ስትነኩት እንደ ሐር ያንሸራትታል።

በጀሶው ላይ ቀይ የሸክላ አፈር ይቀባል፤ ወርቁ ደስ የሚል ሙቀት እንዲኖረውና ሲወለወል እንዲያበራ። ከዚያ ወርቁ። ለተማሪ የሚሰጡት እንደ ቅጠል የሳሳ ናስ ነው፤ ይህንንም ከመጀመሪያው በግልጽ ይናገራሉ። ናስ እንደ ወርቅ አይወለወልም። ስለዚህ እውነተኛ ወርቅ ያረፈበት አንድ ናሙና እያዞሩ አጌት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ ትንሽ ትንሽ ያስወለውሉናል። በ1400 ገደማ ስለ ሥዕል ሙያ የጻፈው ጣሊያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒ ለዚህ ሥራ የውሻ፣ የአንበሳ፣ የተኩላ ጥርስ ሳይቀር ይመክራል። ሥጋ የሚበላ እንስሳ ጥርስ ይሁን ነው የሚለው።

የመጀመሪያው ልምምድ በወርቅ ላይ ቀለም ቀብቶ መፋቅ ነው። በእንቁላል አስኳል የተለወሰ ቀለም ወርቁን ሙሉ ይሸፍናል። ቀለሙ ደርቆ ሳይጠነክር በሾለ እንጨት ትፍቁታላችሁ። የፈቃችሁት ቦታ ላይ ወርቁ ብቅ ይላል። ቼኒኒም ይህንኑ ይገልጻል፤ መፋቂያው ከጠንካራ እንጨት ወይም ከአጥንት ይሁን ይላል። ስፔኖች በኋላ ይህን ዘዴ ትልቅ ደረጃ አድርሰውታል። ቀጫጭን መስመሮችን ጎን ለጎን ከፋቃችሁ የወርቅ ክር ይመስላል። ወርቁ ላይ በጥቃቅን ብረት ነጥብ ነጥብ ብትመቱበት ደግሞ ሌላ ዓይነት ብርሃን ያመጣል። በጥልፍ የሠራሁትን ጥለት ከትዝታዬ አውጥቼ ፋቅሁት፤ ጋሼ "ሳባውን አየሁት" አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ልበላችሁ።

ምሳው ሽሮና ጎመን ነው፤ ጥሩ ነው። ቡናው ከዚያ ይበልጣል።

ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ግን የመጣሁለት ነገር ሆኖ አገኘሁት። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ጀምሮ በደቡብ ጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በሌሎችም አገሮች የተስፋፋ ዘዴ ነው። ጨርቁን በሻጋታ ማተም ማለት ነው። እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተሠርቶበታል። በደቡብ ጀርመን ባቫሪያ የነበረው የቴገርንዜ ገዳም በ1500 ገደማ ያጠናቀረው የሙያ መጽሐፍ አሠራሩን ጽፎታል። ጋሼም በዚያው መንገድ ነው የሚያስተምሩት።

መጀመሪያ ሻጋታ ይቀረጻል። ጠንካራ እንጨት ወይም ብረት ላይ የሮማኑ ጌጥ ይፈለፈላል፤ ወርቅ የሚሆነው ቦታ ሁሉ ደግሞ በጣም ቀጫጭን በሆኑ ትይዩ መስመሮች ይሞላል። እያንዳንዷ መስመር አንድ ማግ ናት። ቲን የሚባለው ለስላሳ ብረት እስኪሳሳ ተቀጥቅጦ ሻጋታው ላይ ይነጠፋል። እርጥብ ጨርቅ በላዩ አድርጋችሁ በደንብ ትጫኑታላችሁ። ቲኑ ወደ እያንዳንዱ መስመር ይገባል። ከዚያ ከኋላው ጠመኔና ሙጫ፣ ወይም ሰምና ሙጫ አሙቃችሁ ትሞሉበታላችሁ፤ ካልሞላችሁት ሲወጣ ይጨፈለቃል። ሲጠነክር ታወጡታላችሁ። ኅብስት ላይ እንደሚታተመው ማኅተም ጌጡ ጉብ ጉብ ብሎ ይወጣል። በላዩ ወርቁ ይለጠፋል። መስመር ያልተፈለፈለበት ባዶ ቦታ፣ ማለትም ከፋዩ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ቀለም ይሞላል። ቀለሙ አያበራም፤ ወርቁ ያበራል። እውነተኛው ባለወርቅ ከፋይ ላይ ያለው ልዩነትም ይሄው ነው፤ ፀጉሩ ብርሃን ይውጣል፣ ወርቁ ይመልሳል።

የራሴ ቁራጭ ከሻጋታው ሲወጣ ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። ትንሽ አዘነበልኩት፤ በራ። መልሼ አዘነበልኩት፤ ጠቆረ። እንደ ጨርቅ! በጀሶና በቲን የተሠራ ነገር በእጄ ላይ እንደ ወርቀ ዘቦ ይጫወት ነበር። "ጋሼ፣ ማጉ በየት በኩል ነው የሚሄደው?" ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ምክንያቱም ካባ ላይ ጨርቁ በቁመቱ ሲወርድ የወርቁ ማግ አግድም ነው የሚሆነው። ሲስቁ አየሁ። በድሮዎቹ ሥራዎች መስመሩ አግድም የሆነም፣ ቁልቁል የሆነም እንዳለ ነገሩኝ። እኔ የእኔን አግድም አድርጌ ለጠፍኩት። ቁልቁል ቢሆን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

መለጠፉ ነው ከባዱ። የታተመው ነገር ደረቅ ነው፤ እጥፋት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ትቆርጡታላችሁ፤ እጥፋቱን እየተከተላችሁ ቁራጭ በቁራጭ ትገጥማላችሁ። ልብስ የሚሰፋ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ሁለት ቁራጭ ስትገጥሙ አበባው አበባውን ማግኘት አለበት። ጋሼ ባሳዩን ፎቶዎች ላይ አንዳንዱ ባለሙያ በጥንቃቄ ገጥሞታል፤ አንዳንዱ ደግሞ እጥፋቱን ረስቶ ጌጡን እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ አድርጎ ለጥፎታል። እኔ ከሁለቱ የትኛው ጥሩ ልብስ ሰፊ እንደሚሆን ወዲያው አውቀዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ ሻጋታው ደጋግሞ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጌጥ በተለያዩ ምስሎች ላይ ሲገኝ ተመራማሪዎች ከአንድ ሥራ ቤት ሊሆኑ እንደሚችሉ ይገምታሉ። በእኛ ገበያም እኮ የጥለቱን አሠራር አይቶ የማን እጅ እንደሆነ የሚናገር ሸማኔ አለ። የሚያሳዝነው ቲኑ ከጊዜ ጋር ይበላሻል። ይጠቁራል፣ ይሰባበራል፣ ይረግፋል። ብዙዎቹ ላይ ዛሬ የቀረው ግራጫ ቅንጣት ብቻ ነው። ሌሎቹ ላይ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባዶ እንጨት ይሻላል ተብሎ ቀለሙ ሁሉ ተፍቋል። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ። በሥራ ዘመናቸው ያዩት ነገር ስለሆነ ይመስለኛል።

ያልወደድኩትንም ልንገራችሁ። ሰው ይበዛል። ለ12 ሰው 3 ሻጋታ ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ብዙውን ጊዜ ወረፋ ስትጠብቁ ታሳልፋላችሁ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት በመጨረሻ መጥቶ ሲጣደፍ ያናድዳል። የእኔን ቁራጭ ለጥፌ የጨረስኩት ሌሎቹ ሲወጡ ነው። ቀለሙን የቀባሁት ቤቴ ገብቼ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ የማተሙ ሥራ ለብቻው አንድ ቀን ሊኖረው ይገባል። ለጋሼም በቀጥታ ነግሬያቸዋለሁ፤ እያሰቡበት ነው።

ለጀማሪ የሚሰጠው ቲን ሳይሆን የወጥ ቤት የአሉሚኒየም ፎይል ነው። ቲኑ እዚህ አይገኝም፤ ይገባኛል። ግን ፎይሉ ሲጫን ይቀደዳል፤ መስመሮቹም እንደ ቲኑ ጠርተው አይወጡም። ጋሼ ያላቸውን ጥቂት ቲን ለማሳያ ብቻ ይጠቀሙበታል። ለእኔ ትንሽ ቆርጠው ስለሰጡኝ ልዩነቱን አይቻለሁ። ተጨማሪ ተከፍሎም ቢሆን ለሁሉም ቢደርስ ይሻላል።

ክፍሉ ከ10 ሰዓት በኋላ ይጨልማል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሙጫው በከሰል ምድጃ ነው የሚሞቀው። የቆዳ ሙጫ ሽታው ይከብዳል፤ የሚያስቸግራችሁ ካለ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ።

በሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ለሽያጭ የተቀመጡ ትንንሽ ምስሎች አሉ። የረዳቶቹ ሥራ ናቸው። እነሱን አልመክራችሁም። ካባቸው ላይ የተዘጋጀ ዳንቴል ተለጥፎ በወርቃማ ቀለም ተረጭቷል። እጥፋቱን አይከተልም፤ ሲታይም ክር አይመስልም። ያን ቀን ጠዋት ጋሼ ያስተማሩን ሁሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ የለም። ገንዘባችሁን ለሥልጠናው አውሉት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የጋሼ የራሳቸው ሥራዎች ሌላ ነገር ናቸው፤ የሚሸጡ አይደሉም፤ ግን ጠይቃችሁ በቅርብ እዩዋቸው። አንዲት የቅድስት ካትሪን ምስል አለች፤ እጅጌዋ ላይ ያለው ከፋይ አረንጓዴ ነው፤ ወርቅ ላይ ብርሃን በሚያሳልፍ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ከውስጥ እንዲያበራ ተደርጓል። እሱን እጅጌ ቆሜ ብዙ አየሁት።

ልጆች ይዞ መሄድ አይመችም፤ ትኩስ ሰምና ስለታም መሣሪያ አለ። ሥዕል የማትችሉ ከሆነ አትፍሩ፤ አጠገቤ የነበረችው የጥልፍ ሠራተኛ እርሳስ ይዛ አታውቅም፤ ከሁላችንም የተሻለ የፋቀችው እሷ ናት። ቦታ ለመያዝ ግማሽ ክፍያ አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ ቀሪውን በዕለቱ ትከፍላላችሁ። የማያስቆጭ ልብስ ልበሱ፤ ቀዩ አፈር ከነጠላ አይለቅም። የምትወዱትን ጨርቅ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጋሼ ከሻጋታው አጠገብ አስቀምጠው ከእናንተ ጋር ያዩታል። እኔ የያዝኩት የአንድ ቄስ ካባ ትርፍራፊ ነበር። ጋሼ ለአዲስ ሻጋታ ይሁነኝ ብለው ጠይቀውኝ ትቼላቸዋለሁ።